ከአሜሪካው ሮክ ባንድ መርኩሪ ሬቭ አልበም ከ«ዴዘርተርስ ሶንግስ» ቀጥሎ የትኛውን አልበም ልስማ?

ቀጥለህ «ኦል ኢዝ ድሪም»ን (2001) ስማ፤ የምትፈልገው ድምፅ እዚያ አለ።

«ዴዘርተርስ ሶንግስ»ን (1998) ወደህ የመርኩሪ ሬቭን የመጀመሪያ አልበም ስትከፍት ጫጫታ የሆነብህ፣ ጆሮህ ተበላሽቶ አይደለም። ባንዱ ያው ነው። ግን ያኔ ዋናው ድምፃዊ ዴቪድ ቤከር ነበር። ከ«ቦሴስ» አልበም (1993) በኋላ ቤከር ከባንዱ ሲወጣ ጆናታን ዶናሂው ቦታውን ያዘ። የጊታሩ ጩኸትም ቀስ በቀስ ለቫዮሊኖቹና እንደ ሰው ለሚያለቅሰው መጋዝ ቦታ ለቀቀ። (አዎ፣ እንጨት የሚቆረጥበት መጋዝ! በደጋን ነው የሚገዘገዘው።)

ብቻ «ኦል ኢዝ ድሪም»ን በስልክ ስፒከር እንዳትሰማው። እኔ እንደዚያ ሰምቼ «ምኑ ነው ይሄን ያህል የተወራለት?» ብዬ ለወራት ትቼው ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ሌላ አልበም ሆነብኝ። ጫጫታ የሚበዛባቸውን የመጀመሪያዎቹን አልበሞች በኋላ ትመለስባቸዋለህ።