ሊዱ ለምን አይዝልኝም?

ጥያቄ፦ በ30 ዋት ካውያ የሪሞት መኪናዬን የባትሪ ሽቦ ከኤክስቲ-60 ማገናኛ ጋር ስበይድ ሊዱ (ቀልጦ የሚያያይዘው ብረት) ይድበለበልና ሳብ ሳደርገው ይላቀቃል። ምን ዓይነት ካውያ ልግዛ?

መልስ፦ ወፍራም ሽቦ ሙቀቱን ይመጠዋል፤ የእርስዎ ካውያ ቶሎ አይተካውም። ሙቀቱ የሚስተካከል፣ ከ60 እስከ 80 ዋት የሆነ ይግዙ። ጫፉም እንደ መሮ ጠፍጣፋ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ ሹሉ ለሪሲቨር (የሪሞቱን ምልክት ለሚቀበለው ክፍል) ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። 63/37 ሊድ (63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ) በ183 ዲግሪ ቢቀልጥም ካውያውን 400 አካባቢ ያድርጉት። ሽቦውንና የማገናኛውን ጉድጓድ ለየብቻ ሊድ ያልብሱ፣ ከዚያ አንድ ላይ ያቅልጧቸው። ሲበይዱ ምንም ያልተገናኘበት ተጓዳኝ ማገናኛ ይሰኩበት፤ አለዚያ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ፒኑ ይጣመማል። የቧንቧ ሠራተኞች አሲድማ እንዳያስቡት፣ ሽቦውን ይበላዋል። የባትሪውን ሁለት ሽቦዎች ባንዴ አይቁረጡ፤ በመቁረጫው በኩል ሾርት ያደርጋሉ።