ክኒኑን ጨርሼ ለምን ይመለስብኛል ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በዓመት አራቴ የብልት ፈንገስ ያዘኝ፣ ፍሉኮናዞል ስውጥ ይሻለኛል፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ይመለሳል፣ ንጽሕና ጎድሎኝ ይሆን ነው ያልሽው። አልጎደለሽም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳንቺው ተሰቃይቻለሁ። ሥራዬ ደግሞ ላብራቶሪ ስለሆነ ይሄን ፈንገስ በዓይኔ አየዋለሁ።

ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው የፈንገስ ዓይነት ዝም ሲል ክብ እርሾ ነው። ጥቂት ወስደን ሴረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) ውስጥ እንጨምርና 37 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት እናቆየዋለን። በማይክሮስኮፕ ስታዪው እንደ ባቄላ በቆልት ቀጭን ጭራ አውጥቶ ታገኚዋለሽ። ጭራው የሚወጣው ተኝተው የነበሩ ጂኖች ሲነቁ ነው። ኤኤልኤስ3 እና ኤችደብሊውፒ1 የሚባሉት መጣበቂያውን ፕሮቲን ያሠራሉ። ቢሲአር1 ደግሞ እነሱን የሚያዝ አለቃ ነው። ፈንገሱ ከተጣበቀ በኋላ ይደራረብና ዝልግልግ ነገር ይለብሳል። ባዮፊልም የሚሉት ይሄንን ነው።

ውሃ የቆየበት ጀሪካን ውስጡን ነክተሽ ታውቂያለሽ? ያ የሚያሟልጨው ነገር ባዮፊልም ነው። ብታለቀልቂው አይለቅም። ካንዲዳም እንደዚያ ሲሆን ልባሱ ፍሉኮናዞሉን ይዞ ያስቀረዋል። አይጦች ላይ ሲሞከር፣ ቢሲአር1 የሌለው ፈንገስ ብልት ውስጥ ባዮፊልም መሥራት አቅቶታል። ሴቶች ላይ በሽታው የሚመለስበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው ወይ በሚለው ግን ተመራማሪዎቹ ገና አልተስማሙም።

እኔን ያተረፈኝ ካልቸር ነው፤ ናሙና ወስዶ ፈንገሱን በማሳደግ ዓይነቱን የሚለይ ምርመራ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳልመረመር ከፋርማሲ እየገዛሁ ነበር የምውጠው፤ የላብራቶሪ ሰው ሆኜ! አሁንም ይቆጨኛል። አልቢካንስ መሆኑ ሲታወቅ የማህፀን ሐኪሜ 150 ሚሊ ግራም በየሦስተኛው ቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ለ6 ወር አዘዘችልኝ። ሦስተኛው ወር ላይ ድኛለሁ ብዬ ላቆም ስል ተቆጣችኝ። ጨረስኩት። እርግጥ ካቆሙ በኋላም የሚመለስባቸው ብዙ ናቸው፣ አልዋሽሽም።

ሌላው የካንዲዳ ዓይነት፣ ካንዲዳ ግላብራታ ከሆነ ግን ፍሉኮናዞል ብዙ ጊዜ አይበግረውም፤ ካንዲዳ ክሩሴይ የሚባለው ከሆነ ጭራሽ። ለዚህ ነው የኔን ማዘዣ አትቅጂ የምልሽ። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትውጪ። ስኳርሽንም ተለኪ። ውስጥሽን በሳሙና መታጠቡን ተዪው፣ ያባብሰዋል።

ለካልቸር ስትሄጂ ክኒን በዋጥሽ ማግስት አይሁን። ማሳከኩ ገና ሲጀምርሽ፣ ምንም ሳትቀቢ ሂጂ።