ቁልፉን ተጫኑ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ተናገሩ

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ እዚህ አሜሪካ የ911 ዲስፓቸር (የአደጋ ጥሪ ተቀብሎ በሬዲዮ እርዳታ የሚልክ ሠራተኛ) ለመሆን ልታመለክቱ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ ወንበሩን ከለቀቅኩ ቆየሁ። ሳይረን ስሰማ ግን አሁንም ከእንቅልፌ እነቃለሁ።

ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚሰጧችሁ በሬዲዮ በቃላት ፈንታ የሚነገሩ ቁጥሮች የተዘረዘሩበት ወረቀት ነው። 10-4 ማለት «ሰምቻለሁ» ነው፤ ይቺን በፊልም ታውቋታላችሁ። ሌላውን ሸምድዱት። ግን አትመኑት።

ለምን ሁሉም በ10 እንደሚጀምር ታውቃላችሁ? ነገሩ የመጣው ከኢሊኖይ ግዛት ፖሊስ ነው። በ1937 ገደማ ቻርልስ ሆፐር የሚባል የሬዲዮ ሰው አንድ ችግር አስተዋለ። የዚያን ጊዜ ሬዲዮ ኃይል የሚያገኘው ከምትሽከረከር ትንሽ ሞተር ነበር። የመናገሪያው ቁልፍ ሲጫን ሞተሯ ፍጥነት እስክትይዝ ጥቂት ጊዜ ትወስዳለች። እስከዚያ የተነገረው ይጠፋል። ስለዚህ ቢጠፋ የማይጎዳ ቃል ከፊት አስቀደሙ፤ «አስር»።

ዛሬ ሞተሯ የለችም። ቸኩሎ የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ፊደል ግን አሁንም ይበላል። በአማርኛ አስቡት፤ «አትተኩስ» ብላችሁ «አት» ብትጠፋ የሚሰማው ምንድን ነው? ስለዚህ ቁልፉን ተጫኑ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ።

ሁለተኛው ጣጣ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው። ኒው ዮርክ ፖሊስ 10-13 ካለ «ፖሊስ ችግር ላይ ነው፣ ድረሱ» ማለት ነው። በሌላ ዝርዝር ያው ቁጥር የአየር ሁኔታና የመንገድ መጠየቂያ ነው! ሎስ አንጀለስ ደግሞ «ኮድ 3» ሲሉ መብራትና ሳይረን አብርታችሁ ብረሩ ማለታቸው ነው። (እኔ መጀመሪያ ስሰማው የአዲስ አበባ ታርጋ ነበር የመጣብኝ።) «ኮድ 4» ሲሉ ተጨማሪ ሰው አያስፈልግም። በዚህ የተነሳ ፌማ (የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ከ2006 ጀምሮ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች አብረው የሚሰሩበት አደጋ ላይ ኮድ ቀርቶ በግልጽ ቋንቋ እንዲወራ ጠይቋል።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ከአንድ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ወደ ጎረቤቱ በተቀየርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ የሌሊት ሺፍት ላይ፣ አንድ ፖሊስ ቁጥር ጠራ። በድሮ ወረቀቴ ያ ቁጥር «ምግብ ልበላ ወጣሁ» ነበር። «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አልኩትና ቡናዬን አነሳሁ። ከዚያ ሲያለከልክ ሰማሁት። «ሰው ላኩልኝ!» አለና የመንገዱን ስም ጠራ። ወዲያው ሁለት መኪና ላክሁ።

የመንገዱን ስም ባይነግረኝ ወዴት እልክ ነበር? ደዋይም ሆነ ፖሊስ፣ መጀመሪያ «የት ነህ?» በሉት። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሰው የምትልኩበት ቦታ ታውቃላችሁ። ምን እንደሆነ በኋላ ይደርሳል። እናቶቻችንንም ይህን አስተምሩልኝ። ሲደውሉ አድራሻውን ያስቀድሙ፤ እንግሊዝኛ ካስቸገራቸው «አማርኛ» ይበሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ይፈለግላቸዋል።

ያ ፖሊስ በማግስቱ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ክፍላችን መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቴን አንስቶ አየው፤ ከቁጥሩ ጎን በእስክሪብቶ «ሰው ላኩልኝ» ብሎ ጻፈበትና ወጣ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።