የሮማን ጦር በጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ፦ ጥያቄና መልስ

በትንንሽ የወታደር ምስሎች በሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ ለዓመታት የሮማን ጦር ሳሰልፍ ስለቆየሁ፣ ስለ አሰላለፉ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የምጫወተው ሮማን በወጋው በካርታጎው የጦር አዛዥ በሃኒባል ዘመን በነበረው የሮማ ጦር ነው። ተጋጣሚዬ ሰልፉን ሲያረዝምብኝ እኔም ክፍሎቼን ሁሉ በአንድ መስመር እዘረጋለሁ፤ መሐሉ ግን ዘወትር ይበጠስብኛል። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ደጀንዎን ግንባር ላይ መጨረስዎ ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደጻፈው የዚያ ዘመን ሌጌዎን (የሮማ ጦር ዋና ክፍል) በመደበኛው 4,200 ያህል እግረኛ ነበረው፤ ከእነዚህም 1,200ው ወጣቶቹ ሃስታቲ በፊት፣ 1,200ው ጎልማሶቹ ፕሪንኪፔስ በመካከል፣ 600ው አንጋፋዎቹ ትሪያሪ በኋላ ሲቆሙ፣ የቀሩት ቬሊቴስ የሚባሉ ቀላል እግረኞች ነበሩ። የዚህ ጦር ብርታት የፊቱ መስመር ሲደክም የሚተካው ትኩስ ኃይል ከኋላው መኖሩ ስለሆነ፣ ሰልፍዎ ከተጋጣሚዎ ሰልፍ ቢያጥር አይደንግጡ፤ ጫፉን በኮረብታ ወይም በወንዝ ያስጠጉት። በመስመሮቹ መካከልም ክፍተት ይተዉ። እኔ በአንድ ውድድር ላይ ሁለተኛውን መስመር ከፊተኛው ጋር አጣብቄ አቁሜ ነበር፤ አንድ የሃስታቲ ክፍል ዳይሱ ከድቶት ሲሸሽ ከኋላው የቆሙትን ፕሪንኪፔስ አተራመሳቸው፤ ሁለት ጣት በምታህል ክፍተት ሊድን ይችል የነበረው ሰልፍ በአንድ ተራ ፈረሰብኝ።

ጥያቄ፦ ትሪያሪን መቼ ላስገባቸው?

መልስ፦ ሮማውያን ጭንቅ ሲመጣ «ነገሩ ትሪያሪ ዘንድ ደረሰ» ይሉ ነበር። እስከዚያ ድረስ ይታገሡ።

ጥያቄ፦ ተጋጣሚዬ ዝሆኖች አሉት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በ202 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሮማው የጦር አዛዥ ስኪፒዮ ሃኒባልን በሰሜን አፍሪካ በዛማ ሲገጥም ያደረገውን ያድርጉ። እንደ ልማዱ ክፍሎቹን እንደ ዳማ ሰሌዳ ከማፈራረቅ ይልቅ አንዱን በሌላው ጀርባ ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ በመካከላቸው የተከፈቱትን መተላለፊያዎችም በቬሊቴስ ሸፈናቸው። ከሃኒባል ዝሆኖች ከፊሎቹ በመተላለፊያዎቹ አልፈው ሄዱ፤ ሌሎቹም በርግገው የገዛ ወገናቸውን ፈረሰኞች አወኩ። የሚጫወቱበት ሕግ የበረገገ ዝሆን ወደ ኋላ እንዲዞር የሚፈቅድ ከሆነ፣ ቬሊቴስን ወደፊት አስጠግተው ጦር ያስወርውሩ እንጂ ከባድ እግረኛዎን አስቀድመው አያጋጥሙ።

ጥያቄ፦ ፈረሰኞቼ ጥቂትና ደካማ ናቸው። ክንፌን በምን ልጠብቅ?

መልስ፦ ይህ የሮማ ጦር የቆየ ድካም ነው። ዘመኑና አደረጃጀቱ ቢለያይም፣ ቄሳር በ48 ከክርስቶስ ልደት በፊት በግሪክ በፋርሳሉስ የተቀናቃኙን የሮማ የጦር አዛዥ የፖምፔይን ብዙ ፈረሰኛ ያሸነፈበት መንገድ ለእርስዎም ይሠራል፤ ከሦስተኛው መስመር ጥቂት እግረኛ ቀንሶ በቀኝ ክንፉ ፈረሰኞች ጀርባ ሰወራቸው፤ የእርሱ ፈረሰኞች ሲያፈገፍጉ የተከተላቸውን ጠላት እነዚህ እግረኞች ተቀብለው መለሱት። ስለዚህ ከክንፍዎ ፈረሰኞች ጀርባ አንድ ሁለት የትሪያሪ ክፍል ወደ ውጭ ሰያፍ አድርገው ያቁሙ፤ ተጋጣሚዎ ዞሮ ጀርባዎን ለመምታት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእነርሱን ረጅም ጦር ይሆናል።