«ራስህን ሁን» ብዬ የመከርሁት ልጅ፦ ለወጣት የሙዚቃ መምህራን

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ዛሬ እርሱም በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ የሚያስተምር፣ ሰሞኑን ሁለት ጥያቄ ጽፎ ላከልኝ። የመጀመሪያው ልጆቹ ክራራቸውን በጆሮ ሳይሆን በስልክ መቃኛ ሲቃኙ ዝም ልበል ወይስ ልከልክል የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ቀን ክራር እያስተማረ ቅዳሜና እሁድ በሰርግ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፤ «ጋሼ፣ ራሴን እየካድሁ ይመስልዎታል?» ይላል። ብዙዎቻችሁ እንዲሁ እየሠራችሁ እንደምትኖሩ ስለማውቅ መልሱን ለሁላችሁም መጻፍ መረጥሁ።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም። ልጁ መጀመሪያ በጆሮው ይቃኝ፣ ከዚያ በስልኩ ያመሳክር፤ ይኸው ነው። ስለ ትጋትና ስለ ልምምድም አልመክርም፤ ወድቃ ወድቃ በመጨረሻ ዛፉ ላይ የወጣችውን የቅዱስ ያሬድን ትል ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ነግሯችኋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በ1976 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር በአንዲት የወረዳ ከተማ መምህር ነበርሁ። አሥረኛው የአብዮት በዓል መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ሊከበር ስለነበር በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን እየተቋቋመ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር እየተወዳደረ ያልፍ ነበር። ሙዚቃ ያውቃል ተብሎ የትምህርት ቤታችን ቡድን ለእኔ ተሰጠኝ። የነበረን አንድ አኮርዲዮን፣ ከበሮ፣ ክራር፣ ዋሽንትና አንድ መሰንቆ ነበር። መሰንቆውን የሚጫወተው ከአዝማሪ ቤተሰብ የተወለደ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ መድረክ ላይ «የጭቁኑ ሕዝብ ልጅ» እየተባለ ቢሞገስም በክፍል ውስጥ ጓደኞቹ «አዝማሪ» እያሉ ስለሚሰድቡት፣ መሰንቆውን በጆንያ ጠቅልሎ በትምህርት ቤቱ የኋላ አጥር በኩል ነበር የሚያስገባው። ከመጫወቱ በፊት የፈረስ ጭራውን ሙጫ ይቀባዋል፤ ከዚያ ክሩን በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ጆሮውን ወደ ቆዳው ያስጠጋል። ማንም እስኪያጣድፈው ድረስ እንደዚያ ይቆያል።

ችግሩ የመጣው ከአኮርዲዮኑ ጋር ነው። የአኮርዲዮን ድምፅ በውስጡ ባሉ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አንዴ ተወስኖ የተሠራ ስለሆነ እንደ ክራር የክሩን ማጥበቂያ ጠምዝዘው አይቃኙትም፤ አብረውት የሚጫወቱት ሁሉ ወደ እርሱ መምጣት አለባቸው። መሰንቆ ግን ክሩ በጣት ይነካል እንጂ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ስለማይጫን፣ እያንዳንዱን ድምፅ የሚያገኘው የተጫዋቹ ጣት ነው። ልጁ አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ሲጫወት አንዷን ድምፅ ከአኮርዲዮኑ ቁልፍ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ይይዛት ነበር። መጀመሪያ የጀማሪ ጉድለት መስሎኝ ነበር፤ በደጋገመው ቁጥር ግን ጣቱ እዚያው ነው የሚያርፈው። አንድ ቀን ከእርሱ ጋር ቤታቸው ድረስ ሄጄ አባቱን አስጫወትኋቸው። እርሳቸውም ያችን ድምፅ የሚይዟት በዚያችው ቦታ ነበር።

ለአውራጃው ውድድር ልምምድ ላይ ሳለን ጉዳዩ የሚመለከታቸው አንድ ካድሬ መጥተው አዩን። ሙዚቃ የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ልዩነቱን ሰምተዋል። «መሰንቆው ተበላሽቷል፣ ወይ ይስተካከል ወይ ይውጣ» ብለው ሄዱ። ማታ ልጁ መሰንቆውን እንደታቀፈ «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔም ያኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርሁና ደረቴን ነፍቼ «የአባትህን ድምፅ ለማንም አትልቀቅ፤ ራስህን ሁን» አልሁት። መልሴ በጣም አስደስቶኝ ነበር። በማግስቱ ልጁ እንዳልሁት አደረገ፤ ከቡድኑም ተሰረዘ። ቡድኑ አውራጃውን አልፎ አዲስ ልብስ ተሰፍቶለት ደብረ ማርቆስ ሲሄድ እኔ መሪው ስለሆንሁ ከአኮርዲዮኑ ጋር አብሬ ሄድሁ። ሰው ጥሩ አጨበጨበልን። ትምህርት ሲከፈት ልጁ አልተመዘገበም። አባቱን ብጠይቃቸው ወደ አዋሽ ለጥጥ ለቀማ ወርዷል አሉኝ፤ መሰንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ የሰማሁት ነገር የለም።

ምክሩ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም ያች ድምፅ ትክክል እንደነበረች አምናለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። «ራስህን ሁን» ያልሁት እኔ ስሆን ዋጋውን የከፈለው እርሱ ነው፤ ከእኔ ደመወዝ ሳንቲም አልተቆረጠም። ለአንድ የድኻ ልጅ «መድረክ ላይ የአኮርዲዮኑን ያዝ፣ ቤትህ የአባትህን ተጫወት፤ ጣትህ ሁለቱንም ማወቅ ይችላል፣ ያወቀውንም ማንም አይቀማውም» የሚለው ሁለተኛ መልስ ያኔ ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ዛሬ ያ ቃል በየቲሸርቱና በየቲክቶኩ ተጽፎ ሳይ የሚያመኝ ለዚህ ነው። አትቀየሙኝና፣ የዘንድሮ ወጣት ራሱን ለመሆን እጅግ ይቸኩላል። ከዩቲዩብ ለቃቅሞ የያዛቸውን ጥቂት ዘፈኖች «የእኔ ስታይል» ይላቸዋል፤ አንድ አስተማሪ ሥር ሁለት ክረምት ቁጭ በል ቢሉት ነጻነቱ የተነካ ይመስለዋል።

ለምሳሌ ብላችሁ የምትጠቅሱልኝን አውቃለሁ። ሙላቱ አስታጥቄን ትላላችሁ፤ ምህንድስና እንዲማር ወደ ብሪታንያ ተልኮ ልቡ ወደ ሙዚቃ ያዘነበለ፣ ቦስተን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም ትላላችሁ። እርሳቸውን ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ፒያኖውን መጫወታቸው ሳይሆን መተዋቸው ነው፤ በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ጀምረው፣ በካይሮ ተምረው፣ ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተከፈተላቸው ዕድል ሲዘጋ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፣ ለዓመታትም በባዶ እግራቸው ኖሩ። ወደ ፒያኖው የተመለሱት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ የሸክላቸውንም ገቢ ለችግረኞች ሰጡ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ ዓለም ሁሉ ስማቸውን አነሣ። ነገር ግን እማሆይ የታወቁት ባለሥልጣን የከንቲባ ገብሩ ልጅ ነበሩ፤ ሙላቱንም ባሕር ማዶ ልኮ የሚያስተምር ቤተሰብ ነበረው። ራሱን ሆኖ ጥጥ ለቀማ የወረደውን ማንም በምሳሌነት አይጠቅሰውም።

ደግሞም ልብ በሉ፤ ሙላቱ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ያጫወታቸው ድምፃቸው አስቀድሞ በተወሰነ በፒያኖና የብረት ዘንጎቹ እየተመቱ በሚጫወቱት በቫይብራፎን ነው። ራሱን ካደ ያለው ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ ያ ተማሪዬ ሰርግ ላይ ኪቦርድ መጫወቱ ክህደት አይደለም፤ በሰላም ይጫወት። ይህን ብያችሁ ስሙኝ ደግሞ፦ መሰንቆ ከኪቦርድ ጋር ተስተካክሎ ተቃኝቶ በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ሆዴ አይችለውም። ሁለቱ ሐሳቦች እንደሚጋጩ አውቃለሁ። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።

ስለ ማስተማር ግን ጥርጥር የለኝም። ብዙዎቻችሁ መምህርነትን መድረክ ያጣ ሰው ማረፊያ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። እኔ የገዛ እጄን ያወቅሁት በማስተማር ነው። አንዲት ተማሪዬ ትዝታ እያሳየኋት «መምህር፣ ለምን ያቺን ክር ከነኳት በኋላ በሌላው ጣትዎ ያፍኗታል?» አለችኝ። እንደማፍናት አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ክራሬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ አስተማሪዬ ያደርጉት የነበረ፣ እርሳቸውም ስሙን ያልነገሩኝ፣ አጨዋወቴን ከሌላው ሰው የሚለየው ነገር እርሱ ሆኖ አገኘሁት። ልጅቷ ባትጠይቀኝ ኖሮ ሳላውቀው እሞት ነበር። ለብቻ መድረክ ላይ ስንጫወት ያጨበጨበልን ሁሉ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆን አያውቅም።

እንግዲህ በእጃችሁ ያለውን ልጅ ሁለቱንም መቃኘት አስተምሩት፤ የስልኩንም የአያቱንም። የትኛውን ይዞ መድረክ ይውጣ የሚለውን ከመወሰናችሁ በፊት ግን ቤታቸው ማን እንዳለ፣ ማን እንደሚያበላው ጠይቁ። ለእናንተ ለራሳችሁ ደግሞ የሰርጉ ገንዘብ የማትፈልጉትን ሥራ እንቢ የምትሉበት አቅም ስለሆነ አትናቁት፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ግማሹንም ቀብድ ተቀበሉ፤ ቀሪውን ደግሞ ሙሽሮቹ ኬክ ከመቁረሳቸው በፊት ጠይቁ፣ ከዚያ በኋላ ከፋዩን ሚዜ ማግኘት አይቻልም።