በጾም ሉካንዳ ሲዘጋ መጠለያ ላሉ ውሾች ምን ይበስላል?

እህቴ፣ «ሁዳዴ ገብቶ ሉካንዳው ተዘጋብኝ፣ 20 ውሾች ምን ላብላ?» ላልሽው፣ ወደ ሙስሊም ሉካንዳዎች ሂጂ። ደሴ ላይ በጾምም ይታረዳል። ክዳን ያለው ባልዲ ይዘሽ በጠዋት ድረሺ። ሳንባ፣ ጨጓራና ቁርጥራጭ ጠይቂ። አንድ ቀን ከቀረሽ ለሌላ ይሰጡታልና ሰዓትሽን አክብሪ።

ሳንባውን ከታትፈሽ በትልቅ ድስት በደንብ ቀቅዪ። መረቁ ላይ ሩዝ ወይም የበቆሎ ዱቄት ጨምረሽ አማስዪ። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት አይግባ። የሆቴል ሽሮ ትራፊም የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ደረቅ እንጀራ ከሰጡሽ ግን ተቀበይ፣ በመረቁ ይርሳል።

አንድ ነገር አደራ። ከሰል ለመቆጠብ ብዬ ጥሬ ሳንባ የሰጠሁበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ስቆርጠው ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ወጣ። የእንስሳት ሐኪሙ ሲያየው ደነገጠ። ውሻ ያንን ጥሬውን ከበላ ትል ይይዘዋል። የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በእጃችን ወደ አፋችን ይገባል፣ ጉበታችን ወይም ሳንባችን ላይ ያድጋል። እንዲህ ያለ ካየሽ ለይተሽ አቃጥዪው። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየጊዜው ስጫቸው። ቡችሎቹን አቅፈሽ ስትመለሺም እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ እንጀራ እንዳትነኪ።