አራት ሰዓት ኦቨርታይም

ልጆቼ፣

ሰሞኑን በዊልቸር የምትንቀሳቀስ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ካሸር ሆና የምትሠራ አንዲት ልጅ «አለቃዬ ኦቨርታይም ግቢ ይለኛል፤ ብገባ የመንግሥቱ ገንዘብ ይቀርብኛል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ይህንኑ በጊዜው ያልጠየቀ፣ እኛ ታላላቆቹም ያልጠየቅነው አንድ ልጅ ነበረ።

እግሩን በአደጋ ያጣ ነው። ከአደጋው በፊት ለዓመታት ሠርቶ ስለነበር ኤስኤስዲአይ የሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ በወር 1,150 ዶላር ይደርሰው ነበር። በጁላይ 2018፣ የዲሲ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 13.25 ዶላር በነበረበት ጊዜ፣ በሳምንት 20 ሰዓት ፓርኪንግ ገባ። በወር ሲሰላ 1,148 ዶላር ገደማ ነው። ወዳጆቹ «ከ1,180 አትለፍ እንጂ ችግር የለም» አሉት። ክፍያውን ሊያስቆም የሚችለው የዚያ ዓመት የወር ገቢ ጣሪያ በእርግጥም 1,180 ነበር። ነገር ግን ከጣሪያው በታች ብዙ ሰው የማያየው ሌላ መስመር አለ፤ የሙከራ ሥራ ወር ይባላል። በ2018 ከ850 ዶላር፣ በ2019 ደግሞ ከ880 ዶላር በላይ የተሠራበት ወር ሁሉ እንደ አንድ የሙከራ ወር ይቆጠራል። በ60 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ብቻ ነው የሚፈቀደው። በሙከራው ጊዜ የፈለጉትን ያህል ቢሠሩ ቼኩ አይነካም። እሱ ግን ከጣሪያው በታች ነኝ ብሎ ተረጋግቶ ሲሠራ ዘጠኙም ወር በማርች 2019 አለቀበት።

በኤፕሪል አንድ የሥራ ባልደረባው ለቀቀና አለቃው በሳምንት 8 ሰዓት ጨመረለት። እኛ ሁላችን «ኦቨርታይም አገኘ» ብለን ደስ አለን። በነገራችን ላይ ኦቨርታይም እንኳ አልነበረም፤ የፌደራሉ ሕግ አንድ ተኩል የሚያስከፍለው በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው ነው፣ እሱ ደግሞ 28 ሰዓት ነበር የሚሠራው። የተከፈለው በተራው ዋጋ ነው። ቢሆንም ወርሃዊ ገቢው 1,600 ዶላር አለፈ፣ የ2019 ጣሪያ ደግሞ 1,220 ነበር። ሕጉ ጣሪያው የታለፈበትን የመጀመሪያ ወርና ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ይከፍላል፤ ኤፕሪል፣ ሜይና ጁን ማለት ነው። ከጁላይ ጀምሮ ቼኩ አይገባውም ነበር።

ቼኩ ግን መምጣቱን አላቆመም። እሱም «ከደመወዜ ታክስ ይቆረጣል፣ ስለዚህ መንግሥት ያውቃል» ብሎ አመነ። ብዙዎቻችሁም እንዲህ ታምናላችሁ። አሠሪው ደብሊው ቱ የሚባለውን የዓመቱን የደመወዝ መግለጫ የሚልከው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ያንን አይቶ ፋይል እስኪከፍት ድረስ ብዙ ወር፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። በማርች 2020 ወረርሽኙ ፓርኪንጉን ባዶ አደረገውና ሥራው ቆመ። ደብዳቤው የመጣው በ2021 ነው። ከጁላይ 2019 እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ያሉት ስምንት ወራት በ1,150 ተባዝተው ቢያንስ 9,200 ዶላር ዕዳ ሆኑ። በእነዚያው ስምንት ወራት የጨመራቸው ሰዓቶች ያስገኙለት፣ ከጁላይ ጀምሮ በሰዓት 14 ዶላር ታስቦ፣ ታክስ ሳይቆረጥ 3,900 ዶላር ገደማ ነው። ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ የይግባኙ 60 ቀን አለፈ። ከእኛ ጋር ቡና ሲጠጣ አንዳችን እንኳ «ለሶሻል ሴኩሪቲ አሳውቀሃል ወይ?» አላልነውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትቀበሉት የትኛውን እንደሆነ ለዩ። የእናንተ ትውልድ ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሕግ ይማራል፤ ቪዲዮው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤስኤስአይንና ኤስኤስዲአይን ይቀላቅላል። ኤስኤስአይ ለችግረኛ የሚሰጥ ነው፣ ኤስኤስዲአይ ቀድሞ በሠሩት ሥራ። ሁለቱንም የሚቀበል ሰውም አለ። ስሌታቸው ፈጽሞ አይገናኝም።

ኤስኤስአይ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። በ2025 የፌደራሉ ሙሉ ክፍያ ለአንድ ሰው 967 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ምሳሌዬን በዚያው ዓመት ልሥራ። ሌላ ገቢ ከሌላችሁ፣ ከደመወዛችሁ መጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 65 ዶላር ይቀነሳል፤ የቀረው ለሁለት ይካፈላል፤ ግማሹ ከ967 ላይ ይነሣል። የሚታየው ግሮሱ ነው እንጂ እጃችሁ የገባው አይደለም። በሰዓት 18 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በየሁለት ሳምንቱ 720 የሚከፈለው ሰው ሁለት ቼክ ባለው ወር 1,440 ያገኛል። 85 ሲቀነስ 1,355፣ ግማሹ 677.50፤ ኤስኤስአዩ 289.50 ይሆናል። በዚያ ወር 10 ሰዓት ቢጨምር 180 ዶላር ያገኛል፣ ኤስኤስአዩ በ90 ይቀንሳል። ከ180ው ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲቆረጥ 76 ዶላር ያህል ይተርፈዋል። በመንግሥት ድጎማ ቤት የሚኖር ከሆነ ኪራዩ ወደ ገቢው 30 በመቶ ስለሚጠጋ ሌላ 27 ዶላር ይሄዳል፣ ፉድ ስታምፑም ሊቀንስ ይችላል። ያም ሆኖ ትርፍ ነው። ኤስኤስአይ ያላችሁ ሥራ አትሽሹ።

የምታስደነግጠው ሦስት ቼክ ያለባት ወር ናት። ኤስኤስአይ የሚያየው የተከፈላችሁበትን ወር እንጂ የሠራችሁበትን አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ሦስት ቼክ ይደርሰዋል፤ 2,160 ዶላር ይሆንና ኦቨርታይም ሳይኖርም ኤስኤስአዩ ዜሮ ይገባል። መቋረጫው በ2025 2,019 ዶላር ነበር። ቅነሳው የሚታየውም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወር በኋላ ስለሆነ ሰው ምክንያቱ አይገባውም። በዚያ ወር ሜዲኬይድ፣ የጤና ሽፋናችሁ፣ ጠፋ ብላችሁ ሥራ እንዳትለቁ፤ ገንዘቡ ዜሮ ቢሆንም 1619ቢ የሚባለው ድንጋጌ ሜዲኬይዱን ያቆየዋል፣ ዓመታዊ ገቢው ከስቴቱ ወሰን እስካላለፈ ድረስ።

ኤስኤስዲአይ ግን ገደል ነው። የ2025 ጣሪያ 1,620 ዶላር (ለዓይነ ስውራን 2,700)፣ የሙከራ ወር መስመሩ 1,160 ነበር፤ በየጃንዋሪው ይለወጣሉ። ያው በሰዓት 18 የሚከፈለው ሰው በወር በአማካይ 1,560 ያገኛል፤ በወሩ አራት ሰዓት ቢጨምር 1,632 ይሆናል፣ የሙከራ ወሩ ካለቀ ሙሉው ቼክ አደጋ ላይ ነው። በቀን አራት ሰዓት ለሚሠራ ደግሞ እንደ ኦክቶበር 2025 ያለ 23 የሥራ ቀን ያለው ወር ብቻውን 1,656 ያመጣል። መጀመሪያ ሲወስኑ የወራቱን አማካይ ሊወስዱ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወር በወር ነው የሚያዩት። እዚህ ላይ ለኤስኤስአይ ያልኩትን እገለብጣለሁ፤ ኤስኤስዲአይ ያላችሁ ስንት የሙከራ ወር እንደቀራችሁ ሳታውቁ ኦቨርታይም እሺ አትበሉ። ካወቃችሁ በኋላ ግን አትፍሩ፤ ሙከራው ካለቀ በኋላ 36 ወራት አሉ፣ በእነዚያ ገቢያችሁ ከጣሪያው በታች በወረደበት ወር ቼኩ አዲስ ማመልከቻ ሳያስፈልግ ይመለሳል። የጤና መድኅኑ ሜዲኬርም ከሙከራው በኋላ ቢያንስ 93 ወራት ይቀጥላል።

በጉዳታችሁ ምክንያት ለሥራ ስትሉ ከኪሳችሁ የምታወጡት ከግሮሱ ላይ ይቀነስላችኋል። አውቶቡስ መሳፈር ለማይችል ሰው የታክሲ ሒሳብ፣ የመድኃኒት ክፍያ፣ የዊልቸር ጥገና። 1,632 ያገኘ ሰው 80 ዶላር ታክሲ ቢያስመዘግብ 1,552 ይሆናል፤ ከጣሪያው በታች። ደረሰኝና የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። ሰው ደረሰኝ ይጥላል፣ ያናድደኛል።

ስለ እቁብም ልንገራችሁ፤ በኤስኤስአይ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ንብረት ከ1989 ጀምሮ 2,000 ዶላር ነው። እቁብ ደርሷችሁ ገንዘቡ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን እጃችሁ ላይ ከተገኘ ይቆጠራል። ጉዳታችሁ 46 ዓመት ሳይሞላችሁ የጀመረ ከሆነ ኤብል የሚባለውን የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሒሳብ ክፈቱ፤ እስከ 2025 መጨረሻ የዕድሜው ወሰን 26 ነበር። እዚያ ያለው ገንዘብ እስከ 100,000 ዶላር ለኤስኤስአይ አይቆጠርም።

ኤስኤስአይ ያላችሁ ደመወዛችሁን እስከሚቀጥለው ወር 10ኛ ቀን አሳውቁ፤ ኤስኤስዲአይ ያላችሁ ሥራ ስትጀምሩ፣ ሰዓት ሲጨመር፣ ስታቆሙ ወዲያው። ስታሳውቁ ደረሰኝ ጠይቁ፣ መስጠት አለባቸው። አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ፤ ትንሽ ወንድማችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። የዕዳ ደብዳቤ ከመጣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ስጡ፣ ያኔ መቁረጥ አይጀምሩም። ስሌቱ ስህተት ነው ካላችሁ ቅጽ ኤስኤስኤ 561፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም መክፈልም አልችልም ካላችሁ ኤስኤስኤ 632። ሁለቱንም አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ደውላችሁ የጥቅማጥቅም ማጠቃለያ ወረቀት ጠይቁ። የምትቀበሉትን የክፍያ ዓይነት፣ የተመዘገበላችሁን ገቢና የተጠቀማችሁባቸውን የሙከራ ወራት ይዘረዝራል። ያ ልጅ በማርች 2019 ገቢውን አሳውቆ ይህን ወረቀት ቢጠይቅ ኖሮ፣ አለቃው ስምንቱን ሰዓት ከማቅረቡ በፊት ሙከራው ማለቁን ያውቅ ነበር።